የምክር ዓምድ፦ የአቶም ሞዴሎች እየተምታቱብኝ ተቸገርኩ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ዳልተን፣ ቶምሰን፣ ራዘርፎርድ፣ ቦር እያልኩ ከነዓመተ ምሕረታቸው ሸምድጃለሁ፤ ፈተና ላይ ግን ማን ምን እንዳለ ይምታታብኛል። ደግሞስ እያንዳንዱ የፊተኛውን እያፈረሰ ከሄደ የተሳሳተውን ለምን እንማራለን? ሌላው፣ የክሎሪንን የኒውትሮን ብዛት ፈልጊ ስባል ከ35.45 ላይ 17 ቀንሼ 18.45 ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ ተደረገብኝ፤ የት ጋ እንደተሳሳትኩ ግን እስካሁን አልገባኝም። የመጨረሻው ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ አቶም አብዛኛው ባዶ ከሆነ እጄ ጠረጴዛውን አልፎ ለምን አይገባም? ግራ የገባት ተማሪ»

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ የጠየቅሽው አራት ጥያቄ ቢሆንም የሦስቱ ሥር አንድ ነው። የያዝሽው የመልሶቹን ዝርዝር ነው፤ ሰዎቹን ወደ መልሱ የገፋቸው ልኬት ግን አጠገቡ የለም። ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻውን የሚንጠለጠልበት ነገር ስለሌለው ከአእምሮ ቶሎ ይንሸራተታል። ስለዚህ ደብተርሽ ላይ «ቶምሰን፣ 1897፣ ኤሌክትሮን» ብለሽ አትለፊው። በእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ጥያቄ ጻፊ፦ ከእሱ በፊት በነበረው ሐሳብ ሊብራራ ያልቻለው ቁጥር የቱ ነው? ይህን መመለስ ስትጀምሪ ቅደም ተከተሉ በራሱ ይያዝልሻል። አብረንሽ እንሂድበት፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግሪኩ ዲሞክሪተስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን ነገር ሁሉ ሊከፈል ከማይችል ቅንጣት የተሠራ ነው ብሎ ነበር። «አቶም» የሚለው ቃልም «የማይቆረጥ» ማለት ነው። ግን የመዘነው ነገር ስላልነበረ ሐሳቡን የሚያጸናም የሚያፈርስም አልተገኘም። ዳልተንን ከእሱ የሚለየው ሚዛን ነው። ላቫዚዬ በዝግ ዕቃ ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥ ሲካሄድ ጠቅላላው መጠነ ቁስ እንደማይጨምርና እንደማይቀንስ አሳይቶ ነበር። ፕሩስት ደግሞ አንድ ውህድ ከየትም ይምጣ ከየት፣ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች የክብደት ጥምርታ እንደማይለዋወጥ አረጋገጠ። ዳልተን የጠየቀው ቀጣዩን ነው፦ ሁለት ንጥረ ነገሮች ከአንድ በላይ ውህድ ሲሠሩስ?

12 ግራም ካርቦን ውሰጂ። ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ከ32 ግራም ጋር ሲዋሃድ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ሁለተኛው የኦክስጅን መጠን የመጀመሪያው ልክ እጥፍ ነው፤ 1.7 እጥፍ ወይም 2.3 እጥፍ አይደለም። ቁስ እንደ ሊጥ የትም ቦታ ሊቆረስ የሚችል ቢሆን ኖሮ ይህ እጥፍነት ምክንያት አይኖረውም ነበር። ኦክስጅን በፍሬ የሚቆጠር ከሆነ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፦ ለአንድ ካርቦን አንድ ፍሬ፣ ወይም ለአንድ ካርቦን ሁለት ፍሬ፤ አንድ ተኩል ፍሬ የለም። ዳልተን በ1803 የመጀመሪያውን የአቶሞች አንጻራዊ ክብደት ሠንጠረዥ ያዘጋጀው፣ በ1808 ደግሞ ሐሳቡን በመጽሐፍ ያወጣው በዚህ ላይ ቆሞ ነው።

የዳልተንን ስሕተትም በቁጥር እዪው፤ ያስተምራል። 1 ግራም ሃይድሮጅን ከ8 ግራም ገደማ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ ይሆናል። የኦክስጅን አቶም ታዲያ ከሃይድሮጅኑ ስንት እጥፍ ይከብዳል? ዳልተን ውሃ አንድ ለአንድ የተጣመረ ነው ብሎ ስለገመተ መልሱ 8 ይሆንበታል፤ ትክክለኛው ግን 16 ነው። ሚዛን ጥምርታን እንጂ የፍሬዎቹን ብዛት አይነግርምና፣ የሚዛን ልኬት ብቻውን ይህን ሊፈታ አይችልም። መውጫው የመጣው ከጋዝ ይዘት ነው፦ ሁለት ሊትር ሃይድሮጅን የሚፈልገው አንድ ሊትር ኦክስጅን ነው። አቮጋድሮ በ1811 እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች፣ ሙቀታቸውና ግፊታቸው አንድ ከሆነ፣ እኩል የሞለኪውል ብዛት አላቸው አለ። ሰሚ ግን አላገኘም። ካኒዛሮ በ1860 በካርልስሩኸ ጉባኤ ላይ ጉዳዩን እንደገና እስኪያነሣው ድረስ ኬሚስቶች የውሃን ቀመር በተለያየ መንገድ ሲጽፉ ኖረዋል።

«የተሳሳተውን ለምን እንማራለን» ላልሽው መልሱ እዚህ ላይ ይጀምራል። የዳልተንን ነጥቦች ጻፊና በእያንዳንዱ ጎን «ቆሟል» ወይም «ወድቋል፣ በምን» ብለሽ ሙዪ። «አቶም አይከፈልም» የሚለው በኤሌክትሮን መገኘት ወድቋል። «የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች በመጠነ ቁስ እኩል ናቸው» የሚለው በአይሶቶፕ (ያው ንጥረ ነገር ሆኖ መጠነ ቁሱ የሚለያይ አቶም) ወድቋል። «ኬሚካዊ ለውጥ የአቶሞች እንደገና መደራጀት ነው፤ አቶም አይፈጠርም፣ አይጠፋም» የሚለው ግን ቆሟል። የኬሚካል እኩሌታ ባስተካከልሽ ቁጥር የምትሠሪው በዳልተን ነው።

ወደ ቶምሰን እንለፍ። አየሩ በፓምፕ የተሳበ የመስታወት ቱቦ አስቢ፤ በአንደኛው ጫፍ ካቶድ የሚባለው ኔጌቲቭ ኤሌክትሮድ አለ። ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሰጠው ከካቶዱ ጨረር ይወጣና በሌላኛው ጫፍ መስታወቱን ያበራዋል። ኸርትዝ ይህን ጨረር በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል አሳልፎ በኤሌክትሪክ መስክ ሊያጥፈው ሞክሮ አልታጠፈለትም ነበር። ችግሩ ቱቦው ውስጥ የቀረው ጋዝ ነው። ጨረሩ ጋዙን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ያደርገዋል፤ ጋዙም በሰሌዳዎቹ መካከል ያለውን መስክ ያዳክመዋል። ቶምሰን ጋዙን አብዝቶ ሲስበው ጨረሩ ወደ ፖዘቲቩ ሰሌዳ ታጠፈ። ከመታጠፉ መጠን የቻርጁን ለመጠነ ቁስ ጥምርታ አወጣ።

ዛሬ የምናውቀው ዋጋ በኪሎግራም 1.76 × 10¹¹ ኩሎምብ ነው። የሃይድሮጅን አዮን ደግሞ 9.58 × 10⁷ ብቻ። አካፍያቸው፤ 1836 ገደማ ታገኛለሽ። የካቶዱ ብረትም ሆነ የጋዙ ዓይነት ሲቀየር ጥምርታው አልተቀየረም። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ይህ ነው። ብዙ ተማሪ «ቶምሰን ጨረሩ ኔጌቲቭ መሆኑን አሳየ» ብሎ ያቆማል። ዋናው ነገር ግን ቅንጣቱ ከየትኛውም ቁስ ቢወጣ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ የሁሉም አቶም አካል ነው ማለት ተቻለ።

ጥምርታ ግን ሁለት ነገር ሊል ይችላል፦ ቻርጁ በጣም ትልቅ ነው፣ ወይም መጠነ ቁሱ በጣም ትንሽ ነው። ይህን የለየው ሚሊካን ነው። ከ1909 ጀምሮ ጥቃቅን የዘይት ነጠብጣቦችን በሁለት ሰሌዳዎች መካከል እየረጨ፣ ወደ ታች የሚስባቸውን የስበት ኃይል በኤሌክትሪክ መስክ እየመከተ የእያንዳንዷን ነጠብጣብ ቻርጅ ለካ። በ1913 ያወጣው ዋጋ 1.592 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ ነው። ከዛሬው 1.602 ትንሽ ያነሰው አየሩ የነጠብጣቧን መውደቅ ምን ያህል እንደሚያዘገየው የወሰደው ቁጥር ጥቂት ስሕተት ስለነበረበት ነው። የኤሌክትሮንን ቻርጅ ለቶምሰን ጥምርታ ስታካፍዪው መጠነ ቁሱ 9.11 × 10⁻³¹ ኪሎግራም ይወጣል።

በዚህ ርዕስ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ብዙዎችን ይጥላል። «የአራት ነጠብጣቦች ቻርጅ 3.2፣ 4.8፣ 6.4 እና 8.0 (ሁሉም × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ) ቢሆን የኤሌክትሮን ቻርጅ ስንት ነው?» ፈጥኖ የሚመጣው መልስ ትንሹን መርጦ 3.2 ማለት ነው። 4.8 ግን ለ3.2 ሲካፈል 1.5 ይመጣል፤ ግማሽ ኤሌክትሮን ደግሞ የለም። መፈለግ ያለብሽ ልዩነታቸውን ነው፦ 1.6፣ 1.6፣ 1.6። ስለዚህ ነጠብጣቦቹ 2፣ 3፣ 4 እና 5 ትርፍ ኤሌክትሮን ይዘዋል ማለት ነው።

ኤሌክትሮን ኔጌቲቭ ሆኖ አቶሙ ግን ቻርጅ አልባ ከሆነ፣ ፖዘቲቩ የት አለ? ቶምሰን በ1904 ፖዘቲቩ በአቶሙ ሙሉ ስፋት የተሰራጨ ነው፣ ኤሌክትሮኖቹም በውስጡ እንደ ዘቢብ በኬክ ተሰክተዋል አለ። በጊዜው ከነበረው ማስረጃ ጋር የሚጋጭ ነገር አልነበረውም። የሚጋጭ ማስረጃ የመጣው ከማንቸስተር ነው። ይህን ሙከራ ረጋ ብለሽ እንድታዪው እንፈልጋለን፤ ከጠቅላላው ትምህርት በደንብ መያዝ ያለበት አንድ ቦታ ምረጡ ብንባል ይህን እንመርጣለን።

ጋይገርና ማርስደን በራዘርፎርድ መሪነት የሠሩበት ዕቃ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። አልፋ ቅንጣት (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ከባድና ፈጣን ቅንጣት) የሚረጭ ራዲዮአክቲቭ ምንጭ፣ ጨረሩን ወደ ቀጭን መስመር የሚያጠብ ቀዳዳ፣ በመካከል የተወጠረ ስስ የብረት ቅጠል፣ ከዚያ ዚንክ ሰልፋይድ የተቀባ መጋረጃና በላዩ ላይ ማይክሮስኮፕ። አልፋ መጋረጃውን ሲመታ ብልጭ ይላል። ብልጭታው ደካማ ስለሆነ ክፍሉ ጨለማ መሆን፣ የቆጣሪውም ዓይን አስቀድሞ ጨለማውን መላመድ አለበት። አንድ በአንድ የሚቆጠረው በዓይን ነው። በኋላ ለጥንቃቄ ልኬቱ ዕቃው አየሩ የተሳበ መሆን ነበረበት፤ አልፋ ከአየር ሞለኪውል ጋር እየተጋጨ ጉልበቱን ስለሚያጣና አቅጣጫውንም ስለሚስት፣ የታየው መታጠፍ ከብረቱ ይሁን ከአየሩ አይለይም።

ብረቱ ለምን ይህን ያህል ሳሳ? ራዘርፎርድ በስሌቱ የጠቀሰው የወርቅ ቅጠል 0.00004 ሳንቲሜትር ነው፤ ያም ሆኖ ከሺህ በላይ የአቶም ረድፍ አለው። ቅጠሉ ወፍራም ቢሆን አንድ አልፋ ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየታጠፈ ይሄድና በስተመጨረሻ የታየው ትልቅ ማዕዘን ከአንድ ግጭት ይሁን ከመቶ ትናንሽ ግጭት ድምር አይታወቅም። ወርቅ የተመረጠውም ተቀጥቅጦ እጅግ መሳሳት ስለሚችል ነው፤ በዚያ ላይ የኒውክለሱ፣ ማለትም የአቶሙ እምብርት፣ ቻርጅ 79 በመሆኑ አልፋውን አጥብቆ ይገፋዋል።

የአልፋ መጠነ ቁስ የኤሌክትሮን 7300 እጥፍ ያህል ነው፤ ስለዚህ ኤሌክትሮን መንገዱን አያስለውጠውም። በቶምሰን አቶም ውስጥ ፖዘቲቩም ተሰራጭቶ ሳስቷልና፣ አልፋው ቢበዛ ከአንድ ዲግሪ ክፍልፋይ በላይ መታጠፍ የለበትም። በ1909 ያሳተሙት ልኬት ግን ፕላቲነም ላይ ከተወረወሩት ከ8000 ገደማ አንዱ ተመልሶ እንደመጣ ያሳያል። «ትናንሾቹ መታጠፎች ተደምረው ይሆናል» እንዳይባል፣ ሂሳቡ ሲሠራ እንዲህ ያለ ድምር የማይታሰብ ያህል ብርቅ ነው፤ ከ8000 አንድ ግን ብርቅ አይደለም። ራዘርፎርድ በ1911 ያለው ይህን ነው፦ መላሹ አንድ ግጭት ነው፤ አንድ ግጭት ይህን እንዲያደርግ ደግሞ የአቶሙ ቻርጅና አብዛኛው መጠነ ቁስ በአንዲት እጅግ ጠባብ ቦታ፣ በኒውክለሱ፣ ተከማችቷል።

ምን ያህል ጠባብ? ራስሽ ልታወጪው ትችያለሽ። 5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው አልፋ በቀጥታ ወደ ወርቅ ኒውክለስ ሲገሰግስ፣ ጉልበቱ በሙሉ በመገፋፋቱ አልቆ የሚቆምበት ርቀት አለ። ጉልበቱን በሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት፣ ርቀቱን በፌምቶሜትር (10⁻¹⁵ ሜትር) ከወሰድሽ ስሌቱ 1.44 × 2 × 79 ÷ 5 ነው፤ 45.5 ፌምቶሜትር። 2 የአልፋው፣ 79 የወርቁ ቻርጅ ነው፤ 1.44 ደግሞ በእነዚህ መለኪያዎች የመገፋፋቱ ቋሚ ቁጥር ነው። አልፋው እዚያ ድረስ ቀርቦ የተመለሰው እንደ ነጥብ ቻርጅ ተገፍቶ ከሆነ፣ ኒውክለሱ ከዚህ ያነሰ ነው ማለት ነው። ዛሬ የወርቅ ኒውክለስ ራዲየስ 7 ፌምቶሜትር ገደማ እንደሆነ ይታወቃል፤ የአቶሙ ራዲየስ ደግሞ 144,000 ያህል። ኒውክለሱን 1 ሚሊሜትር ስፋት ባላት ነጥብ ብትስዪው የአቶሙ ጠርዝ 10 ሜትር ርቆ መሳል ነበረበት። በመጻሕፍት የምናየው ሥዕል ይህን መጠን ሊያከብር አይችልም። ተማሪ ኒውክለስን የአቶሙ ሲሶ አድርጎ እንዲያስብ የሚያደርገውም ይኸው ሥዕል ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ የራዘርፎርድ ሙከራ ኤሌክትሮኖች የት እንዳሉ ምንም አልተናገረም፤ ኒውትሮንንም አላሳየም። ሁለቱንም ለእሱ ሙከራ የሚሰጥ መልስ ስሕተት ነው። እንዲያውም ኤሌክትሮኑ እንደ ፕላኔት ይዞራል ከተባለ ትልቅ ችግር ይመጣል። አቅጣጫውን እየቀየረ የሚጓዝ ቻርጅ ብርሃን ይረጫል፣ ጉልበቱ ያልቃል፣ እየተጠማዘዘ ወደ ኒውክለሱ ይወድቃል። ለሃይድሮጅን ሲሰላ ይህ ከ10⁻¹⁰ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። አቶሞች ግን አልወደቁም።

ቦር የመጣው በዚህ ክፍተት ነው፤ በእጁ የነበረው ቁጥርም የሃይድሮጅን ብርሃን ነው። ሃይድሮጅን ሲበራ ሁሉንም ቀለም አይሰጥም፤ የተወሰኑ መስመሮች ብቻ ይታያሉ፦ 656.3፣ 486.1፣ 434.0 እና 410.2 ናኖሜትር። ባልመር በ1885 ቁጥሮቹን የሚያገናኝ ቀመር አግኝቶ ነበር፤ ለምን እንደሚሠራ ግን አልታወቀም። ቦር በ1913 ኤሌክትሮኑ በተወሰኑ የጉልበት ደረጃዎች ብቻ ይገኛል፣ ብርሃን የሚሰጠው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወርድ ነው አለ። የደረጃው ጉልበት −13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ለደረጃው ቁጥር ካሬ ሲካፈል ነው። 2ኛው −3.40፣ 3ኛው −1.51፤ ልዩነታቸው 1.89። ጉልበትን ከኤሌክትሮን ቮልት ወደ ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት የሚቀይረውን ቁጥር፣ 1240ን፣ ለ1.89 ስታካፍዪ 656 ናኖሜትር፣ ማለትም ቀዩ መስመር ይመጣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ካሬዎቹን አስቀድመው በመቀነስ ነው፦ 13.6 ÷ (9 − 4) = 2.72 ይሉና 456 ናኖሜትር ያገኛሉ። በዚያ ቦታ የሃይድሮጅን መስመር የለም። መጀመሪያ እያንዳንዱን ደረጃ ለየብቻ አውጪ፣ ከዚያ ቀንሺ።

የቦር ሐሳብ ሁለት ኤሌክትሮን ያለው ሂሊየም ላይ ሲደርስ መስመሮቹን በትክክል መስጠት አቃተው። ሽሮዲንገር በ1926 ኤሌክትሮኑን በሞገድ እኩሌታ ገለጸው፤ ከዚያ ወዲህ የምንናገረው ስለ ምህዋር መስመር ሳይሆን ኤሌክትሮኑ ሊገኝ ስለሚችልበት ዕድል ነው። የጉልበት ደረጃዎቹ ግን ቀርተዋል። አንቺም 2፣ 8፣ 8 እያልሽ ክቦቹን ሳዪ፤ ክቡ ለመቁጠሪያ እንጂ ለመንገድ እንዳይመስልሽ ብቻ። ፖታሲየምንም 2፣ 8፣ 9 አትበይ። ሦስተኛው ቅርፊት 18 መያዝ ቢችልም፣ 19ኛው ኤሌክትሮን የአራተኛው ቅርፊት የመጀመሪያ ቦታ በጉልበት ዝቅ ስለሚልለት እዚያ ይገባል፤ 2፣ 8፣ 8፣ 1 ይሆናል።

አሁን ወደ 18.45 እንምጣ። እሱን ለመፍታት ሁለት ሰዎች ያስፈልጉሻል። ሞስሊ በ1913 እና 1914 የንጥረ ነገሮችን ኤክስሬይ ለክቶ የድግግሞሹ ካሬ ሥር ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ በእኩል እርምጃ እንደሚያድግ አሳየ። ስለዚህ የንጥረ ነገር ማንነት የሚወሰነው በኒውክለሱ ቻርጅ ነው፤ ክብደቱ አይወስነውም። አርጎን 39.95፣ ፖታሲየም 39.10 ሆነው ሳለ አርጎን 18ኛ፣ ፖታሲየም 19ኛ የሆኑት ለዚህ ነው። ሞስሊ በ1915 በጋሊፖሊ ጦርነት በ27 ዓመቱ ሞተ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ያከናወነውን ስናይ ዛሬም ያሳዝነናል። ሁለተኛው ቻድዊክ ነው። የሂሊየም ኒውክለስ ቻርጅ 2 ሆኖ መጠነ ቁሱ 4 መሆኑ ሲያስጨንቅ ቆይቷል። በ1932 ቤሪሊየም በአልፋ ሲመታ የሚወጣው ቻርጅ አልባ ጨረር ከፓራፊን ሰም ውስጥ ፕሮቶኖችን (የሃይድሮጅን ኒውክለሶችን) እያስፈነጠረ እንደሚያወጣ አየ። ከፍጥነታቸው አስልቶም ገፊው የፕሮቶንን ያህል የሚከብድ ቅንጣት መሆኑን አረጋገጠ፤ ኒውትሮን። ቻርጅ ስለሌለው በጋዝ ውስጥ ሲያልፍ አዮን አይፈጥርም፤ ይህን ያህል ዘግይቶ የተገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ኒውትሮን የሚቆጠረው በአንድ አቶም ውስጥ ነው፤ 35.45 ግን የአንድም አቶም ቁጥር አይደለም። በተፈጥሮ ከሚገኘው ክሎሪን 75.76 በመቶው መጠነ ቁሱ 34.969፣ ቀሪው 24.24 በመቶ 36.966 ነው። 34.969 × 0.7576 = 26.493፤ 36.966 × 0.2424 = 8.961፤ ሲደመሩ 35.45። ይህ አማካይ ነው። የመጠነ ቁስ ቁጥር የፕሮቶንና የኒውትሮን ብዛት ድምር ነውና፣ አንዱ ክሎሪን 35 − 17 = 18 ኒውትሮን አለው፣ ሌላው 37 − 17 = 20። 18.45 ኒውትሮን ያለው ክሎሪን የትም የለም። ያንቺ ቁጥር ሁለቱን ዓይነት ቀላቅሎ የወሰደ አማካይ ነው፤ ቅነሳሽ ልክ ነበር፣ የቀነስሽበት ቁጥር ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን መጠነ ቁስ ደምሮ ለሁለት ማካፈልም አይሆንም፤ 36 ገደማ ይሰጥሻልና።

«ታዲያ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ላጠጋጋው?» እንዳትዪ። ለሶዲየም ይሠራል፦ 22.99 ወደ 23። ለብሮሚን ግን 79.90ን ወደ 80 ብታጠጊ በተፈጥሮ የሌለ አቶም ላይ ታርፊያለሽ፤ የተፈጥሮ ብሮሚን 79 እና 81 ነው፣ በግማሽ በግማሽ ሊባል በሚችል መጠን። መዳብም 63.55 ወደ 64 ይጠጋል፤ በተፈጥሮ የሚገኙት ግን 63 እና 65 ናቸው። ጥያቄው የትኛው አይሶቶፕ እንደሆነ ካልነገረሽ መልስሽ ላይ የመረጥሽውን የመጠነ ቁስ ቁጥር ጽፈሽ ጀምሪ።

አዮን ሲሆን ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፦ መጀመሪያ ፕሮቶን ከአቶማዊ ቁጥሩ፣ ቀጥሎ ኒውትሮን ከመጠነ ቁስ ቁጥሩ፣ በመጨረሻ ኤሌክትሮን ከቻርጁ። አሉሚኒየም 27 ሦስት ፖዘቲቭ ሲሆን 13 ፕሮቶን፣ 14 ኒውትሮን፣ 10 ኤሌክትሮን። ሰልፈር 32 ሁለት ኔጌቲቭ ሲሆን 16፣ 16፣ 18። ፖዘቲቭ ሲያዩ ኤሌክትሮን የሚጨምሩ ብዙ ናቸው፤ ከባሰም ፕሮቶኑን ይነካሉ። ፕሮቶን ከተነካ ንጥረ ነገሩ ራሱ ተቀይሯል። ለማረጋገጥ ከፕሮቶኑ ላይ ኤሌክትሮኑን ቀንሺ፤ የተጻፈው ቻርጅ መምጣት አለበት።

የጠረጴዛው ጥያቄሽ ከሁሉም ደስ ያሰኘን ነው። «ባዶ» የሚለው ቃል ነው ያሳተሽ። አልፋው ወርቁን ያለፈው ከባድና ፈጣን ስለነበረ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ ሊያስቆሙት አልቻሉም። እጅሽ ግን ጠረጴዛውን የሚነካው በአቶሞቹ ውጫዊ ክፍል ነው፤ እዚያ ደግሞ የኤሌክትሮን ሞገድ ቦታውን ሁሉ ይዞታል። የእጅሽና የጠረጴዛው ኤሌክትሮኖች ሲቀራረቡ ሁለት ነገር ይከላከላቸዋል። አንደኛው ኔጌቲቭ ኔጌቲቭን መግፋቱ ነው። ሁለተኛው ፓውሊ በ1925 ያወጣው ሕግ ነው፦ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት ሁኔታ ሊይዙ አይችሉም። የተያዘ ቦታ ላይ ሌላ ኤሌክትሮን ለመደረብ ወደ ከፍተኛ የጉልበት ደረጃ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ክንድሽ ያን ያህል ጉልበት ለእያንዳንዱ አቶም ማቅረብ አይችልም። ስለዚህ ቅንጣት የሚያልፍ የማያልፍ መሆኑን የሚወስነው የባዶው ስፋት ብቻ አይደለም፤ የሚያልፈው ነገር ከኤሌክትሮኖቹ ጋር ጉዳይ አለው ወይ የሚለው ነው። ቻርጅ የሌለው ኒውትሮን ኤሌክትሮኖቹ ሳይገቱት ወደ ጠረጴዛው ውስጥ ዘልቆ የሚቆመው ከኒውክለስ ጋር ሲጋጭ ብቻ ነው። ቻርጅም ሆነ ከኒውክለስ ጋር የጠነከረ ግንኙነት የሌለው ኒውትሪኖ ደግሞ ጠረጴዛውን፣ እጅሽን፣ ከሥርሽ ያለችውንም ምድር አልፎ በሌላኛው በኩል ይወጣል፤ ይህን እያነበብሽ ባለሽበት ሰዓትም ከፀሐይ የመጡ ኒውትሪኖዎች እያለፉብሽ ነው።